አባቴ ያናገረው ቅጠል

ወንድሜ፣ «አባባ ከደረቅ ቅጠል ጋር ሲያወራ ያዝኩት» ብሎ የደወለልኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጳጉሜ ነው። እኔ ቂሊንጦ፣ የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ። በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሳት ስለማይፈቀድ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነው ያነጋገርኩት።

«ከምን ጋር?»

«ከቅጠል ጋር። ጓሮ፣ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ ‹ደህና ከረምክ? ዘንድሮ ደግሞ ዘገየህ› ይለዋል። ከኋላው ሄጄ አየሁት። ቡናማ፣ የደረቀ ቅጠል ነው።»

«ቅጠሉስ ምን አለው?»

«ላንቺ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር መቀለዴ አልነበረም። ስደነግጥ አፌ ይቀድመኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ አመል ነው። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሩን እስኪደበድቡት ድረስ ስልኩን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። ዕድሜውን በተሳቢ መኪና ላይ ጨርሶ፣ ጡረታ ሲወጣ ቃሊቲ ያለውን አሮጌ ቤታችንን ሙጥኝ አለ። የግቢያችን አጥር ሰንሰል ነው፤ ቅጠሉ የሚመር፣ ከብት የማይደፍረው፣ ክረምት ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቁጥቋጦ። የተከለችው እናታችን ናት። እሷ ከሞተች ወዲህ ወንድሜ ሳሪስ ባለው ኮንዶሚኒየሙ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል አዘጋጅቶ «ና ከኔ ጋር ኑር» እያለ ይወተውተዋል። አባቴም «አራተኛ ፎቅ ላይ እግሬን የማሳርፍበት መሬት የት አለ?» እያለ ይመልሰዋል። እኔ ከባሌ ከተለያየሁ በኋላ ተመልሼ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ግን በፈረቃ ስለሆነ ቀኑን በከፊል ብቻውን ይውላል። ወንድሜን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው።

ወንድሜ ደግ ሰው ነው። አስቀድሜ ልናገረው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ክፉ ሊያስመስለው ይችላልና።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴን በረንዳ ላይ አገኘሁት። ነገሩን አዙሬ አዙሬ ልጀምር አስቤ ነበር።

«አባባ፣ ዛሬ ከማን ጋር ነበር የምታወራው?» አልኩት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ።

«ከቢራቢሮው ጋር ነዋ» አለኝ። ይሄ ምን ያስጠይቃል የሚል ይመስላል።

«ምን ዓይነት ቢራቢሮ?»

«ሰማያዊ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይመጣል። ቧንቧው ሥር ያለውን እርጥብ አፈር ይመጥጣል። ልጆቹ የሚያድጉት እናትሽ በተከለችው ሰንሰል ላይ ነው፤ እሷ ነች ያሳየችኝ።»

«ወንድሜ ያየው ግን ቡናማ ነገር ነው።»

«ወንድምሽ እንደዚያ መሬቱን እየደበደበ ሲመጣ ማን ክንፉን ዘርግቶ ይጠብቀዋል? ይከድነዋላ። ሲከድነው ቅጠል ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ለምን ታናግረዋለህ?»

«በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ዝም ይባላል እንዴ?»

አመንኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ያልኩት ግን «እሺ አባባ» ነው።

ወንድሜ ቆርጦ ነበር። አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን «ሽማግሌ ልልክበት ነው» አለኝ። ሰው ሽማግሌ የሚልከው ሚስት ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ነው፤ የኔ ወንድም የገዛ አባቱን ለመጠየቅ ሦስት ሽማግሌ አሰናዳ። ቀኑም ከመስቀል በፊት ያለው እሁድ ሆነ። ነገሩ ያስቃል፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። አባቴ በሕይወቱ ሽማግሌን እምቢ ብሎ አያውቅም። እናታችንን ያገኘው በሽማግሌ ነው። ከጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልቶ የታረቀው በሽማግሌ ነው። እኔና ባሌ ስንለያይም እንባ እየተናነቀው «እንዳላችሁ» ያለው ለሽማግሌ ነው። እነዚያ ሦስት ሰዎች «ሳሪስ ሂድ» ካሉት ሻንጣውን ያነሳል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦም በመስኮት መሬት ሲያይ ይኖራል።

«ለመሆኑ ምን ልትላቸው ነው?» አልኩት ወንድሜን።

«ቡናው ውስጥ ጨው ይጨምራል። እኔን በሟች አጎታችን ስም ይጠራኛል። ከቅጠል ጋር ያወራል።»

ጨውንና ስሙን ማስተባበል አልችልም፤ ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ቅጠሉ ግን የሚጣራ ነገር ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ስፌት እያገላበጥኩ፣ መስመሩን የሳተ አንድ ስፌት ካገኘሁ ቀይ ወረቀት እለጥፍበታለሁ። ያላየሁትን አላሳልፍም። ስለዚህ ሰማያዊውን ቢራቢሮ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሽማግሌዎቹ ፊት ላቀርበው ወሰንኩ። ያን ሰሞን የከሰዓት ፈረቃ ገብቼ ስለነበር ጠዋቱ የኔ ነው፤ የፋብሪካው ሰርቪስ የሚያነሳኝ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አባቴ እንደ መኪና ረዳት አሠለጠነኝ። «ስትጠጊው ፍሬን እየያዝሽ! ጥላሽ እንዳያርፍበት! በአንደኛ ማርሽ!» ይለኛል ከበረንዳው። እኔም በአርባ ሁለት ዓመቴ ጭቃ ላይ በሆዴ ተኝቼ በአንደኛ ማርሽ እሳባለሁ። አራት ሰዓት ገደማ ቧንቧው ሥር ቡናማ ነገር አየሁ። ትንፋሼን ይዤ ሃያ ሰባት ፎቶ አነሳሁ። ንቅንቅ አላለም። ምን ዓይነት ትዕግሥተኛ ፍጡር ነው እያልኩ ሃያ ስምንተኛውን ላነሳ ስል አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ቅጠል ነው» አለኝ።

በሁለተኛው ቀን እውነተኛው መጣ። ቅጠል አለመሆኑን ያወቅኩት እግር ስላለው ነው። ነገር ግን ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ክንፉን ግጥም አድርጎ ይከድናል። ሳወርድ የከፈተ ይመስለኛል፤ ሳነሳ ይከድናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስንፋጠጥ ቆይተን እሱ ሥራ ስላለው ሄደ። እኔም ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ሆነ።

«ሰማያዊውን አየሽው?» አለኝ አባቴ።

«ያየሁ መሰለኝ» አልኩ። አላየሁም ነበር።

ችግሩ ልምምድ ማጣቴ ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ በጠዋት ተነስቼ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወዲህ፣ አደይ አበባ ወደፈነዳበት ሜዳ ሄድኩ። ጀርባዬን ለግንቡ ሰጥቼ፣ ሣሩ ውስጥ ተንበርክኬ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ሳሳድድ የአንድ ጠባቂ ጫማ ፊቴ ቆመ።

«እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቢራቢሮ ፎቶ እያነሳሁ።»

«የማን ቢራቢሮ?»

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። «የማንም» አልኩት። ስልኬን ተቀብሎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ቅጠል። ቅጠል። ጭቃ። የአውራ ጣቴ ግማሽ። ቅጠል። ፊቱ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ቀስ በቀስ ወደ ሐዘን ተለወጠ። ስልኩን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ሰው ለመጠየቅ ነው የመጣሽው? ባለቤትሽ ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። «አይዞሽ እህቴ። ለሁሉም ቀን አለው። ይፈታል። ራስሽን አትጣይ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከር ነበር። ግን ከልቡ ስለሆነ የሚናገረው «አሜን» ብዬ ልብሴን አራግፌ ተነሳሁ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝቶ ታክሲ አሳፈረኝ፤ ለረዳቱም በደንብ እንዲያወርደኝ አደራ አለው።

ከዚያ በኋላ ከሰፈሬ ላለመውጣት ወሰንኩ። የባሰው ስህተት ይሄ ነው።

የሰፈራችን ሰው ግማሹ እኔን በቅጡ አያውቀኝም፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ጎረቤቱን የሚያየው በሠርግና በልቅሶ ነው። ከልምምዱ በቀጥታ ወደ ሰርቪሱ ስለምሄድ ደግሞ የፋብሪካውን ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ አንገቷ ላይ ባጅ ያደረገች ሴት በየሰው አጥር ሥር እየተንበረከከች አረም ፎቶ ታነሳለች። እኛ ሰፈር ይሄ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ወረዳ መጣ። ደጁን ያላጸዳ ሊቀጣ ነው። አንዳንዱማ ቤት ሊፈርስ ነው ብሎ የቤቱን ካርታ ከሣጥን አወጣ አሉ።

ከቤታችን አጠገብ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት አለች። ዕቃ ከመሸጥ የተረፈውን ጊዜዋን ሰፈሩን በማስተዳደር ነው የምታሳልፈው። ሳሙና ልገዛ ብሄድ በመስኮቷ ብቅ ብላ ገላመጠችኝ።

«አንቺ፣ ፋብሪካውን ለቀሽ ወረዳ ገባሽ አሉ?»

«ኧረ አልገባሁም። ቢራቢሮ ነው የማነሳው።»

«ቢራቢሮ?»

«አዎ፣ ቢራቢሮ።»

«እሺ፣ ቢራቢሮ» አለችና ጠቀሰችኝ። ሳሙናውን ስትሰጠኝ «ምስጢርሽ ምስጢሬ ነው» ብላ ጨመረችበት።

በዚያው ዕለት ወረዳ መግባቴ ተረጋገጠ፤ እንዳልናገር መታዘዜም ታወቀ። ክረምቱን ሙሉ ሲለመን ያልተነቀለ አረም በሁለት ቀን ከነሥሩ ተነቀለ። ሳማው ሄደ፣ አደዩ ሄደ፣ ቦዩ ዳር የነበረው ቢጫና ሐምራዊ ነገር ሁሉ ሄደ። ሰፈራችን በታሪኳ እንደዚያ ሳምንት ጸድታ አታውቅም። ባለፍኩበት ሁሉ ሰዎች መጥረጊያቸውን አቁመው «እንዴት ነው፣ ጥሩ ሆነ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አንድ ቢራቢሮ እንኳ የምለማመድበት አጥቼ በንዴት እንደ ጤፍ ቆሎ እንጣጣለሁ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቅዳሜ የስልኬ ካሜራ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ስለነበር ላስጠግነው ሳሪስ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ ተመልሼ ወደ መንደራችን ስታጠፍ ቤታችን ጠፋኝ። ሰንሰሉ የለም። በረንዳው፣ ገመድ ላይ ያሰጣሁት ልብስ፣ ቧንቧው፣ ሁሉም ከመንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ስድስት ጎረቤቶች ገጀራና ማጭድ ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ የእናቴን አጥር እስከ ጉልበት ድረስ ቆርጠው ጨርሰዋል። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ውኃ እየቀዳ ያጠጣቸዋል።

«መጣሽ?» አለች ባለ ሱቋ። «ለሰው ደጅ ስትሮጪ የራስሽን ረሳሽው። አለቆችሽ መጥተው ይሄን ጫካ ቢያዩ ምን ልትዪ ነበር? እሳቸውንስ በዚህ ዕድሜያቸው ማን ያስቀጣቸዋል?»

ያን ቀን ብቻ አፌ አልቀደመኝም። የተቆረጠው ሰንሰል ክምር ላይ ዘጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነገ ሽማግሌ ይመጣል። ቢራቢሮው የሚያድግበት አጥር መሬት ላይ ተኝቷል። ያስቆረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ባለ ሱቋ የምስጋና ለቅሶ መስሏት ትከሻዬን እያሻሸች «ተይ እንጂ፣ ጎረቤት ለመቼ ነው?» ትለኛለች።

«አመስግኚያቸው እንጂ» አለኝ አባቴ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ሰንሰል ሲቆርጡት ነው የሚበረታው። ተነሽ፣ ቀሚስሽን መራራ አደረግሽው።»

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንደኛው ከአባቴ ጋር ብዙ ዘመን የነዱ የወሎ ሰው፣ ሁለተኛው የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ሦስተኛው ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ያስረከቡ የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ግቢው ውስጥ ወንበር ዘረጋን። አጥር ስለሌለ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ «ምነው፣ በሰላም ነው?» ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ብድግ እያሉ «በሰላም፣ በሰላም» ይላሉ፤ ወንድሜ አንዱን ክስ ሦስት ጊዜ አቋርጦ ሦስት ጊዜ ጀመረ።

«ቡናው ውስጥ ጨው ይጨምራል» አለ በመጨረሻ።

የወሎው ሽማግሌ ዞር ብለው አዩት። «ታዲያ በምን ይጠጣው?»

«በስኳር ነዋ።»

«አንተ የት ነው የተወለድከው?»

«እዚሁ፣ አዲስ አበባ።»

«እኔም ብዬ ነበር» አሉ። የጨው ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ።

የስሙን ጉዳይ የዕድሩ ሰብሳቢ ዘጉት። ሰባት ልጆች እንዳሏቸው፣ የሚፈልጉትን ስም የሚያገኙት አራት አምስቱን ከጠሩ በኋላ እንደሆነ፣ አንዳንዴም ተስፋ ቆርጠው «አንተ» ብለው እንደሚያልፉት ተናገሩ። ወንድሜ ግንባሩን ጠረገ። እኔ በሆዴ ሁለት ለዜሮ እየመራን ነው አልኩ።

ከዚያ ቅጠሉ ቀረበ። ወንድሜ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ተናገረ። እኔ ተነሳሁና ስልኬን ለነጋዴው በሁለት እጄ አቀረብኩ። መነጽራቸውን አድርገው ማየት ጀመሩ።

«ይሄ ቅጠል ነው። ይሄም ቅጠል ነው። ይቺኛዋ ጥሩ ወጥታለች፤ አንቺ ነሽ?» አሉ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ፎቶ ላይ ደርሰው። ፎቶዎቹን ወደ ኋላ መለስኩላቸው። ክንፉን የከደነውን ቢራቢሮ አገኙት። አጎልተው አዩት፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ልጄ፣ ቢራቢሮ መሆኑን አይተናል። ወንድምሽ ቅጠል ማለቱ ስህተት ነው» አሉ ነጋዴው። «ግን ቡናማ ነው። አባትሽ ሰማያዊ ነው ይላሉ። አንቺ ሰማያዊ ሆኖ አይተሽዋል?»

ሽማግሌ ፊት አይዋሽም። «አላየሁም» አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ወንድሜ ያመጣው ወሬ ነበር፤ ማስረጃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባታችን ቡናማውን ሰማያዊ አድርጎ እንደሚያይ ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ አንስቼ አስመሰከርኩበት።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት የወሎው ሽማግሌ፣ የድሮ ባልደረባው።

አባቴ ከዘራውን መሬት ላይ አዟዟረው። «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አለ። «ልጆቼ በኔ የተነሳ እንቅልፍ ካጡ ግን እሄዳለሁ። ሽማግሌ አላሳፍርም።»

መስቀል ሲያልፍ ሳሪስ እንዲገባ ተወሰነ። ዱዓ ተደረገ፣ ተመራረቁ፣ ሻይ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ የወሎው ሰው በር ፈልገው አጡ፤ አጥር በሌለበት በየትም መውጣት እንደሚቻል ትንሽ ቆይቶ ነው የታያቸው።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የሻይ ብርጭቆዎቹን እንደ ጠላት ማጠብ ጀመርኩ። ወንድሜ ለሽማግሌ ቀን ብሎ ያስጠረገው ጫማ በጭቃ ተለውሶ ስለነበር ሊያጥበው ወደ ቧንቧው ሄደ። በመስኮት አየሁት። ቧንቧውን ከፈተ፣ አንዱን ጫማ አጠበ፣ ሌላውን እግር አነሳ፤ ከዚያ ያነሳውን እግር ሳያወርድ ደርቆ ቀረ።

«ነይ» አለኝ ሳይዞር። በሹክሹክታ ነው። «ቀስ ብለሽ ነይ።»

እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ። በአንደኛ ማርሽ። የወንድሜ እግር ሊያርፍበት ከነበረው ጭቃ ላይ አንድ ደረቅ ቅጠል ቆሟል። ወንድሜ በአንድ እግሩ እየተወዛወዘ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ፀሐይዋ ከደመና ወጣች፤ እስከ ትናንት ሰንሰሉ ይጋርዳት የነበረችው ፀሐይ አሁን ቧንቧው ሥር ድረስ ገብታለች። ቅጠሉ ሞቀው መሰለኝ፣ ተከፈተ።

ሰማያዊ ነበር። ጥቁር ክንፍ፣ እላዩ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ሁለት ሰማያዊ ክቦች። አንድ ጊዜ ከደነው፤ ቅጠል ሆነ። ደግሞ ከፈተው። ስልኬ የሽርጥ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ትዝም አላለኝ።

ወንድሜ አንድ ፎቶ አነሳ። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል የቆመበት እግር ከዳው፤ ከነሱፉ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። ቢራቢሮው በአባቴ በረንዳ በኩል አልፎ ሄደ። ወንድሜ ከወደቀበት አልተነሳም። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ስል እያለቀሰ ነው።

«መጣ እንዴ?» አለ አባቴ ከበረንዳው።

«መጣ» አልኩት።

«ሰላም አላችሁት?»

ወንድሜ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አላልነውም፣ አባባ።»

«ነውር ነው» አለ አባቴ።

የሽማግሌ ውሳኔ ማፍረስ ከማስወሰኑ ይከብዳል። ወንድሜ በዚያው ቀን፣ ሱሪውን እንኳ ሳይቀይር፣ ሦስቱም ቤት በየተራ ዞረ። «በቢራቢሮ ይግባኝ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አሉት የዕድሩ ሰብሳቢ። ቢሆንም በሚቀጥለው እሁድ ሦስቱም ተመልሰው ተቀመጡ፤ የወንድሜን ስልክ ተቀባበሉ። ነጋዴው መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። «ሰማያዊ ነው» አሉ። አባቴ እንደ ወጉ «እናንተ ካላችሁ እሺ» ብሎ ቤቱ ቀረ። ወንድሜም ክፍሉን ለሚስቱ የልብስ ስፌት ማሽን ሰጠው፤ እሱ ግን በሳምንት ሁለቴ እየመጣ የአባቴን ቡና በጨው ይጠጣል፤ ፊቱን እያጨማደደ።

ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀምጠው የሄዱ ዕለት አባቴና እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነበር።

«ስንት ፎቶ አነሳሽ?» አለኝ።

«ሁለት መቶ ምናምን።»

«ወንድምሽስ?»

«አንድ።»

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «እሱ አላመነኝም፤ አለማመኑን ግን ፊት ለፊት ነገረኝ። አንቺ እሺ እሺ ስትዪ ከረምሽ።»

ለሱ ስል ነው ጭቃ ላይ የተኛሁት ልለው ፈልጌ ነበር። ግን እውነቱ እሱ አልነበረም። ያመንኩት ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን «አባባ ካለ አለ» ብዬ ለወንድሜ እነግረው ነበር። እኔ አባቴን እንደ ሸሚዝ ሳገላብጠው ነው የሰነበትኩት። «አጥፍቻለሁ አባባ» አልኩት። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና ስለ ምሳ ጠየቀኝ።

ሰንሰሉ አባቴ እንዳለው በረታ። በዓመቱ፣ ጳጉሜ ላይ፣ ከወገባችን በልጦ ነበር። ባለ ሱቋ እስካሁን ወረዳ እንደምሠራ ታምናለች፤ መስከረም ሲመጣ ደጇን ጠርጋ ታሳየኛለች። አንድ ጠዋት ብርጭቆ ላለቅልቅ ወደ ቧንቧው ስሄድ እርጥቡ አፈር ላይ ቡናማ ነገር አየሁ። ስልኬን ቤት ውስጥ ነው የተውኩት፤ ላመጣው አልሄድኩም። ፍሬን እየያዝኩ ተጠግቼ፣ ጥላዬ እንዳያርፍበት ዞር ብዬ ቁጢጥ አልኩ።

«ደህና ከረምክ?» አልኩት።

ወንድሜ ያን ጠዋት ዳቦ ይዞ መጥቶ ነበር። ኮቴውን ሳልሰማው ከኋላዬ ደርሶ ቆመ። አንድም ቃል ሳይጠይቀኝ የሱሪውን ጉልበት ሰብሰብ አድርጎ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለው። «ዘንድሮ አልዘገየህም።»

ሁለታችንም እንዲከፍት መጠበቅ ጀመርን። ፀሐይ ወጣች። ዳቦው ቀዘቀዘ። ቡናማው ነገር ንቅንቅ አላለም። ብዙ ከቆየን በኋላ የአባቴን ከዘራ ድምፅ ከኋላችን ሰማን፤ በመካከላችን ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«እናንተ ልጆች» አለን፣ «ያ እኮ ቅጠል ነው።»